የስቴም ሴል ለጋሽ ደም ሥር አመራረጥ፦ ከግምገማው ቀን እስከ መርፌው መንቀል

ስቴም ሴል (ደም የሚሠራውን የመቅኔ ሴል) ሊሰጥ የመጣ ለጋሽ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሥር ሲጠፋ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዚያን ጠዋት አይደለም። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት ክንዱን አስሮ የዳሰሰው ሰው አልነበረም። "ወጣት ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሥር አያጣም" ተብሎ ታልፏል።

በዚህ ሥራ ላይ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። በሽተኛው የራሱን መቅኔ የሚያጠፋውን ኬሞቴራፒ ጀምሯል፣ ወይም ጨርሶ እየጠበቀ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደኋላ መመለሻ የለም። ለጋሹ ደግሞ ጤነኛ ሰው ነው። ለራሱ ምንም ሳያገኝ ነው የመጣው። ስለዚህ "ያው ሴንትራል ላይን እናስገባለታለን" ብሎ በጥድፊያ መወሰንም ልክ አይሆንም፤ ሴንትራል ላይን እንደ አንገት ወይም ጭን ባለ ቦታ ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለአፌሬሲስ (ደሙን በማሽን አዙሮ ስቴም ሴሉን መለየትና የተረፈውን ለለጋሹ መመለስ) ነርሶች ነው፤ በተለይ ከዳያሊሲስ ወይም ከደም ባንክ ወደዚህ ሥራ ለመጡ። የክፍላችሁ የጽሑፍ አሠራር የተለየ ከሆነ እሱን ተከተሉ። ለጋሽ ከሆናችሁ ደረጃ 2ን እና ደረጃ 4ን አንብቡ። ሌላውን ብትዘሉት ግድ የለም።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ የሚጠይቀውን አስሉ

"ደም ባንክ ሦስቴ ሰጥቻለሁ፣ ሥሬ ጥሩ ነው" የሚል ለጋሽ ያጋጥማችኋል። ደስ ይላል፤ ግን አይበቃም። ደም ባንክ 450 ሚሊ ሊትር ያህል በአሥር ደቂቃ አካባቢ ይቀዳና ያበቃል። እዚህ ግን ደሙ ሳይቋረጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት መፍሰስ አለበት።

ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ያ ደም ሦስት ጊዜ በማሽኑ ይዙር ከተባለ 15 ሊትር ይሆናል።

- በደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር ከፈሰሰ፦ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ።
- በደቂቃ 40 ሚሊ ሊትር ከፈሰሰ፦ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ።
- በደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ከፈሰሰ፦ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርሱ ለጋሹ ደክሟል፣ ሽንቱ መጥቷል፣ እናንተም ፈረቃችሁ አልቋል። የሥር ምርጫ ማለት እንግዲህ ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንዱን መምረጥ ነው።

የሚያስፈልጉት መስመሮች ሁለት ናቸው። መቅጃው ደሙን ወደ ማሽኑ ይስባል። መመለሻው የተረፈውን ወደ ለጋሹ ይመልሳል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥር አይፈልጉም።

መቅጃው የሚሠራው በመሳብ ስለሆነ ሥሩ ቀጭን ወይም ልል ከሆነ ግድግዳው መርፌው ላይ ይለጠፋል። እዚህ 16 ወይም 17 ጌጅ የብረት መርፌ ይገባል። ከጫፉ በተጨማሪ በጀርባው ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ቀዳዳ ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ሌላው ይስባል። ዳያሊሲስ የሠራችሁ ይህን መርፌ ከፊስቱላ ታውቁታላችሁ። የጌጅ ቁጥር ሲያንስ መርፌው እንደሚወፍርም አትርሱ። አዲስ ገቢዎች ይህን ይገለብጡታል።

መመለሻው ስለሚገፋ ትንሽ ሥርም ይችለዋል። 18 ወይም 20 ጌጅ የፕላስቲክ ካኑላ ይበቃዋል። ግን ናቅ አድርጋችሁ እንዳትመርጡት። በዚያ መስመር ሲትሬት (ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የሚጨመረው) ይገባል። የደም ሥር ካልሲየም ካስፈለገም የሚሄደው በዚያው ነው። ካልሲየም ከሥሩ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ መመለሻው ቀጭን ቢሆንም ጤናማ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ሥሩን ቀድማችሁ ገምግሙ

ግምገማው ለጋሹ የመጀመሪያውን የጂ-ሲ-ኤስ-ኤፍ (ስቴም ሴሉን ከመቅኔ ወደ ደም የሚያወጣው መድኃኒት) መርፌ ከመውሰዱ በፊት ይለቅ። የበሽተኛው ኬሞ ከመጀመሩም በፊት መሆን አለበት። የስቴም ሴል ሥራን ጥራት የሚመዝነው የፋክት-ጃሲ መስፈርትም ለጋሹ ሴንትራል ላይን ሊያስፈልገው ይችል እንደሆነ በግምገማው ጊዜ እንዲታይ ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ "ሥር፦ ጥሩ" ብሎ መጻፍ ግን ግምገማ አይባልም።

1. ጠይቁ። "ደም ሲቀዱሽ ስንት ጊዜ ይወጉሻል? የትኛው ክንድ ይሻላል? ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ?" ለጋሾች ሥራቸውን ከእኛ በላይ ያውቁታል። "ሁልጊዜ ከእጄ ጀርባ ነው የሚቀዱኝ" የሚል መልስ ከሰማችሁ ጆሯችሁ ይቁም። ጡቷ ተነቅሎ ወይም የብብት እጢዋ ወጥቶ ከሆነ ያንን ክንድ ተዉት። ደም ረግቶበት የሚያውቅ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ካለ መዝግቡ።

2. አሙቁ፣ አስቀምጡ። ከብርድ የገባን ሰው ወዲያው አትገምግሙ። አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። ውሃ ይጠጣ።

3. በደም ግፊት መለኪያ እሰሩ። ከላስቲክ ቱርኒኬት ይልቅ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነፍታችሁ ተጠቀሙ። በመሰብሰቢያው ቀንም የምትጠቀሙት እሱን ነው።

4. በጣት ፈልጉ። የእኛ ቆዳ ጠየም ያለ ስለሆነ ጥሩ ሥር ላይታይ ይችላል። የሚታየው ሰማያዊ መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ላይ ላዩን የሚሄድ ቀጭን ሥር ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትዳስሱ አላፍርባችሁም፤ እኔም አደርገዋለሁ። ጥሩ ሥር እንደ ተነፋ ፊኛ ተጭናችሁት መልሶ ይገፋችኋል። እንደ ገመድ የደረቀ ከሆነ በተደጋጋሚ ተወግቶ ጠባሳ ይዟል። አትመኑት።

5. ቀጥ ያለውን ርዝመት ለኩ። የብረቱ መርፌ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሥሩ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። የሚጠማዘዝ ወይም ቋጠሮ ያለው ወፍራም ሥር ከቀጥተኛው መካከለኛ ሥር ይብሳል።

6. ሁለቱንም ክንድ እዩ። አንድ ጥሩ ክንድ አግኝቶ ፋይሉን መዝጋት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ነው።

ክርን መታጠፊያው ላይ ሦስት አማራጮች አሉ። መጀመሪያ መሃል ያለውን ፈልጉ፤ ጥልቅ አይደለም፣ ብዙም አይሸሽም። ቀጥሎ በአውራ ጣት በኩል ያለውን። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ብዙ ጊዜ ወፍራምና አጓጊ ነው። ግን የክንዱ ትልቅ አርተሪ (ደም ቅዳ) እና ነርቭ በዚያው አካባቢ ያልፋሉ። በመጨረሻ ምረጡት፣ ሲቻልም በአልትራሳውንድ።

ውጤቱን በደረጃ ጻፉ። እኔ የምጠቀምበት ቀላል ነው። "ሀ" ማለት በሁለቱም ክንድ ለመቅጃ የሚሆን ሥር አለ። "ለ" ማለት በአንዱ መቅጃ፣ በሌላው መመለሻ ብቻ አለ። "ሐ" ማለት በጣት አይገኝም፣ በአልትራሳውንድ ይታይ። "መ" ማለት በአልትራሳውንድም ታይቶ የለም። ከጎኑ የክንዱን ሥዕል ሠርታችሁ ቦታውን ምልክት አድርጉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈረቃ ላይ የምትሆነው ሌላ ነርስ ናት፤ በእናንተ ጣት አትዳስስም።

"ለ" ላይ ያለ ለጋሽ ጥሩ ይመስላል፤ አደገኛው ግን እሱ ነው። አንዱ መርፌ ከከሸፈ መጠባበቂያ የለውም። ለእሱ ሁለተኛ ዕቅድ ቀድማችሁ ጻፉ።

ደረጃ 3፦ በቅደም ተከተል ወስኑ

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂዱ። አንዱን ሳትሞክሩ ወደሚቀጥለው አትዝለሉ።

ሁለት ክንድ በጣት። "ሀ" እና "ለ" እዚህ ያበቃሉ። ምርጡን ሥር ለመቅጃ ስጡ፣ ሁለተኛውን ለመመለሻ። ለጋሹ "ቀኝ እጄን ለስልክ ተዉልኝ" ቢልም ምርጡ ሥር ቀኝ ላይ ካለ መቅጃው ቀኝ ላይ ይሁን። ለስልኩ መቆሚያ ፈልጉለት።

ክንድ በአልትራሳውንድ። "ሐ" የተባለው ለጋሽ ብዙ ጊዜ ጥልቅ ያለ ጥሩ ሥር አለው። ወፈር ያሉ ሰዎች ላይ በተለይ ይህ ይበዛል። ፕሮቡን ስትጫኑት የሚጠፈጠፈው ደም መላሹ ነው። የሚመታውና ሳይጠፈጠፍ የሚቀረው አርተሪ ነው። ለጥልቅ ሥር ረጅም መርፌ ወይም ረጅም ካኑላ ያስፈልጋል፤ አጭሩ ጫፉ ብቻ ገብቶ ክንዱ ሲነቃነቅ ይወጣል። ብዙ ክፍሎች ይህን እርከን ዘልለው ቀጥታ ወደ ሴንትራል ላይን ይሄዳሉ። ምክንያቱ አልትራሳውንዱ የሌላ ክፍል ስለሆነ ብቻ ነው! ሄዳችሁ ለምናችሁ አምጡት።

በአንድ መርፌ። አንዳንድ ማሽኖች በአንድ መስመር እየቀዱና እየመለሱ መሥራት ይችላሉ። ቀርፋፋ ነው። የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፣ ግን መሃል ላይ መመለሻው ቢከሽፍ ያድናል። ማሽናችሁ ይችል እንደሆነ ዛሬ አረጋግጡ፤ የዚያን ቀን አይደለም።

ሴንትራል ላይን። "መ" ለተባለው ብቻ። ከወንዶች ይልቅ ሴት ለጋሾች ላይ በብዛት ያስፈልጋል፤ ሥራቸው በአማካይ ይቀጥናል። ለጋሿ ስለ አደጋው በግልጽ ይነገራት፣ የተለየ ስምምነት ትፈርም። ለጋሿ የመጣችው በለጋሾች መዝገብ ድርጅት በኩል ከሆነ ድርጅቱም ቀድሞ ይወቅ።

የመቅኔ ልገሳ። ክንዷ የማይሆን፣ ሴንትራል ላይንም የማትፈልግ ለጋሽ መብቷ ነው። በማደንዘዣ ከዳሌ አጥንት መቅኔ መውሰድ አማራጭ ነው። ግን ይህ የበሽተኛውን ሐኪም ውሳኔ ይጠይቃል። ለዚህም ነው ግምገማው ቀድሞ ይደረግ የምለው።

እህት ለወንድሟ ስትለግስ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር አብራ የሄደች እህት፣ ቤተሰቡ ገንዘብ አሰባስቦ ልኳት፣ "አልፈልግም" ለማለት አትደፍርም። ለብቻዋ አናግሯት። አስተርጓሚው የቤተሰብ አባል አይሁን።

ደረጃ 4፦ ለጋሿ መድኃኒቱን በምትወስድባቸው ቀናት ሥሩን ጠብቁ

ጂ-ሲ-ኤስ-ኤፍ በተለመደው መጠን በኪሎ 10 ማይክሮ ግራም በየቀኑ ይሰጣል። መሰብሰቡ ብዙ ጊዜ በ5ኛው ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት የላቦራቶሪ ደም ይቀዳል፤ ሥር የሚበላሸውም ያኔ ነው።

- ምልክት ካደረጋችሁበት ሥር ለላቦራቶሪ አትቅዱ። ከእጅ ጀርባ ቅዱ። ለላቦራቶሪው ሰው በጽሑፍ ንገሩት። ለጋሿም "ከዚህ አይቀዳም" ማለት እንደምትችል ትወቅ።
- ከሁለት ቀን በፊት ጀምራ ውሃ ታብዛ። የመሰብሰቢያው ቀን ጠዋት ቁርስ ትብላ።
- ከባድ ዕቃ ማንሳትና ጂም ይቅር።
- ለአጥንት ሕመሙ ፓራሲታሞል ትውሰድ። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድ።

ጾም ላይ ስላለች ለጋሽ በግልጽ ጠይቁ። ሳይጠየቁ የሚናገሩ ጥቂት ናቸው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚውሉ አሉ። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ። በዚህ ሁኔታ የመጣ ሰው ሥሩ ይከሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ቀኑ ከጾም ጋር ከገጠመ የንስሐ አባቷን ወይም ሼኩን ቀድማ እንድታማክር ጊዜ ስጧት። በሁዳዴ ወተትና አይብ ስለማይበላ የካልሲየሙን ጉዳይም ለሐኪሙ አንሱ።

ደረጃ 5፦ የመሰብሰቢያው ቀን ጠዋት

ከሁሉም በፊት ሥሩን ድገማችሁ እዩ። ያንን ሳታዩ ማሽኑ ላይ ኪት (የቱቦዎቹን ስብስብ) አትግጠሙ፣ ፕራይም አታድርጉ (ፈሳሽ አትሙሉት)። ኪቱ ውድ ነው። አንዴ ፈሳሽ ከሞላ በኋላ ደግሞ "ቆይ ሴንትራል ላይን እስኪገባ" ተብሎ ለከሰዓት አይቀመጥም።

ከዚያ በኋላ፦

1. ሽንት ቤት ትሂድ። "አልመጣብኝም" ብትልም ትሂድ። የብረት መርፌ ክንድ ላይ ካለ ለ5 ሰዓት ያህል መነሳት የለም።
2. እጅጌው ሰፊ ልብስ ትልበስ።
3. ክንዷን በሞቀ ፎጣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሸፍኑት። እንዳያቃጥል መጀመሪያ በራሳችሁ ክንድ ሞክሩት።
4. ከክርኑ ሥር ትራስ አድርጉ። መቅጃው ክንድ ሳይታጠፍ እስከ መጨረሻው መቆየት አለበት። በዚህ ሰዓት ካልተመቻት በ3ኛው ሰዓት ታጥፈዋለች።
5. የዕለቱን የደም ቆጠራ እዩ፣ በተለይ ፕላትሌቱን (ደም እንዲረጋ የሚረዳውን)።

ደረጃ 6፦ መርፌዎቹን አስገቡ

መቅጃውን አስቀድሙ። ከባዱ እሱ ነው። እሱ ካልተሳካ የመመለሻው መወጋት በከንቱ ነው።

1. የግፊት መለኪያውን ንፉ። ሥሩን እንደገና ዳስሱ፣ አቅጣጫውን ልብ በሉ።
2. አልኮል ባለው ክሎርሄክሲዲን 30 ሰከንድ ፈትጉ። እስኪደርቅ ጠብቁ። ካጸዳችሁ በኋላ "አንዴ ብቻ" ብላችሁ መልሳችሁ አትንኩት።
3. ከሥሩ በታች ያለውን ቆዳ በአውራ ጣት ወደ ታች ወጥሩ። የሚሸሽ ሥር የሚያዘው እንዲህ ነው።
4. የመርፌውን አፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አስገቡ። ደም ስታዩ ዝቅ አድርጉትና ሥሩን ተከትላችሁ እስከ መጨረሻው ግፉ።
5. በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ፈትኑት። ፈጠን አድርጋችሁ ሳቡ። ደሙ ሳይንቀጠቀጥና ሳይቋረጥ ሲሪንጁን መሙላት አለበት። ከዚያ ሳላይን ግፉ። እብጠት ወይም ሕመም ካለ አትቀጥሉ።
6. መርፌውን በፕላስተር በሁለት ቦታ ያዙ፣ ቱቦውንም ለብቻው። ቱቦው ሲጎተት መርፌው እንዳይነካ።
7. መመለሻውን በሌላው ክንድ አስገቡ። ከክርኑ በታች፣ ክንዱ መሃል ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እጇን አጥፋ አፍንጫዋን ማከክ ትችላለች። ለ5 ሰዓት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዷ ነርስ ከሁለት ጊዜ በላይ አትውጋ። በሦስተኛው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ለጋሹም ይፈራል፣ የፈራ ሰው ሥር ይጠፋል። ሌላ ሰው ጥሩ። አንድ ጊዜ እኔ አራተኛ ሙከራ ላይ በግትርነት ገብቼ ለዕቅድ የቀረውን የመጨረሻ ሥር አፈነዳሁት። ጓደኛዬ ከጎኔ ቆማ "ተዪው" ብላኝ ነበር።

ማሽኑን ስትጀምሩ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ጀምሩ። የመቅጃው ግፊት ሳይናወጥ ሲቆይ በ5 በ5 ከፍ አድርጉ። ሥሩ የሚችለውን ፍጥነት ስታገኙ እዚያው ቁሙ። ከሚችለው በላይ ገፍቶ በየሁለት ደቂቃው ማሽን ከማስቆም፣ ዝቅ ብሎ ያለ ማቋረጥ መሄድ ቀድሞ ያስጨርሳል።

ደረጃ 7፦ ማሽኑ ሲጮህ

መጀመሪያ ክንዱን እዩ፣ ከዚያ ስክሪኑን። አብዛኛው ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል።

መቅጃው አይስብም ካለ በዚህ ተራ ሞክሩ። ክንዱ ታጥፏል? ቱቦው ታጥፏል? የግፊት መለኪያው ጨርቅ አየር አጥቷል? በእጇ የያዘችውን ኳስ ጭምቅ ለቀቅ እያደረገች ነው ወይስ እንቅልፍ ወስዷታል? እነዚህ ደህና ከሆኑ ፍጥነቱን በ10 ቀንሱ። ከዚያ መርፌውን ሳታስገቡና ሳታወጡ በቀስታ ትንሽ አዙሩ። በመጨረሻ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሳቡት። ወደ ፊት አትግፉ! ግድግዳውን ወግቶ የሚወጣው ያኔ ነው።

መመለሻው ግፊቱ ከጨመረ ማሽኑን ወዲያው አቁሙ። ካኑላው ዙሪያ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ካመመ ፈሳሹ ከሥር ውጭ እየሄደ ነው። "ትንሽ እንይ" አይባልም። ካልሲየም እየገባ ከነበረ መጀመሪያ እሱን ዝጉ፣ ሐኪም ጥሩ። ካኑላውን ነቅላችሁ ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ወይም ሌላ ሥር ፈልጉ። ከወጋችሁት ቀዳዳ በታች በኩል አዲስ አትክፈቱ፤ ፈሳሹ በአሮጌው ቀዳዳ ይወጣል። ማሽኑ ቆሞ ብዙ ከቆየ ውስጡ ያለው ደም ሊረጋ ስለሚችል አንዷ ሥር ስትፈልግ ሌላዋ ማሽኑ ጋ ትቁም።

መቅጃው ካበጠ ንቀሉ፣ በጎዝ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አድርጉ። ያ ቦታ ለዛሬ አልቋል። ሁለተኛ ዕቅዳችሁን አውጡ።

ከንፈሯን ከነዘራት ወይም ጣቷ ከደነዘዘ የሥር ችግር አይደለም። ሲትሬቱ ካልሲየሟን እየያዘ ነው። ፍጥነቱን ቀንሱ፣ በክፍላችሁ ትዕዛዝ መሠረት ካልሲየም ስጡ። የጡንቻ መኮማተር ከመጣ አቁሙና ሐኪም ጥሩ።

ስትወጉ እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘራት ነርቭ ነክታችኋል። ወዲያው ንቀሉ። አትፈልጉ፣ አታዙሩ። መዝግቡ፣ በሚቀጥለው ቀንም ደውላችሁ ጠይቁ።

ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ እየመታ ከመጣ አርተሪ ነው። ንቀሉና ሰዓት እያያችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ሐኪም ይይ። "እንዴት ጥሩ ይፈሳል!" ብላችሁ ማሽኑን እንዳታገናኙ።

ደረጃ 8፦ ሴንትራል ላይን ከተወሰነ

የትኛውም ካቴተር አይሆንም። በክንድ የሚገባው ረጅሙ ቀጭን ፒክ ላይን ሲሳብ ይጠፈጠፋል። ተራው ባለ ሦስት መስመር ሴንትራል ላይንም ለዚህ ፍጥነት አይበቃም። የሚያስፈልገው ለዳያሊሲስ የሚውለው ዓይነት ግድግዳው ጠንካራ፣ ባለ ሁለት መስመር ካቴተር ነው።

- የቀኝ አንገት ሥር የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ወደ ልብ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በአልትራሳውንድ ይግባ። ከመጠቀማችሁ በፊት ቦታው በራጅ ይረጋገጥ።
- የጭን ሥር ሳንባን የመንካት አደጋ የለውም። ለአንድ ቀን ሥራ ጥሩ ነው። ግን እግሯን ሳታጥፍ መተኛት አለባት፣ ይዛው ቤት አትሄድም።
- ከአንገት አጥንት ሥር ያለው ለጤነኛ ለጋሽ ይቅር። ሳንባን የመውጋት አደጋው ከፍ ያለ ነው፣ ሥሩም በኋላ ሊጠብ ይችላል።

ካቴተሩ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ተሞልቶ ከተቀመጠ መጀመሪያ ከእያንዳንዱ መስመር 5 ሚሊ ሊትር ያህል ሳቡና ጣሉ። አትግፉት። ለጋሽ ውስጥ ሙሉ የሄፓሪን መጠን መግፋት ደም መፍሰስ ያመጣል።

በቀዩ ቅዱ፣ በሰማያዊው መልሱ። ካልሳበ ጭንቅላቷን ታዙር፣ ትሳል፣ ትንሽ ቀና ወይም ዝቅ ትበል። መስመሮቹን መገልበጥ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ የተመለሰው ደም ተመልሶ ስለሚቀዳ የምትሰበስቡት ሴል ይቀንሳል።

ደረጃ 9፦ መንቀል

የክንድ መርፌዎችን ስትነቅሉ መጀመሪያ የግፊት መለኪያውን አየር አውጡ። ቀላል ይመስላል፤ ተረስቶ ደም ጣሪያ የነካበት ቀን አይቻለሁ። መርፌው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ጎዙን አትጫኑ። ከወጣ በኋላ ክንዱን ሳታጥፍ 10 ደቂቃ ተጫኑ። ፕላትሌት በዚህ ሥራ በጣም ስለሚወርድ መድማቱ ከተለመደው ይረዝማል።

ሴንትራል ላይኑን የሴሉ ቆጠራ ሳይመጣ አትንቀሉ። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በበሽተኛው ክብደት በኪሎ ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ስቴም ሴል ነው። ካልሞላ ነገ ይደገማል። ከሞላና ፕላትሌቷ ከፈቀደ ግን በዚያው ቀን ይውጣ። ጤነኛ ሰው አንገት ላይ ያለ ምክንያት አይደር።

የአንገቱን ስትነቅሉ ጠፍጣፋ ትተኛ፣ ትንፋሿን ትያዝ። ቁጭ ብላ ከተነቀለ በቀዳዳው አየር ሊገባ ይችላል፤ ይህ ሰው ይገድላል። ደሙ እስኪቆም ተጫኑ፣ አየር በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኑ፣ 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተኝታ ትታይ። የጭኑ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል።

ፋይሉን ሳትዘጉ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኛው ሥር ስንት ፍጥነት እንደቻለ፣ ስንት ጊዜ እንደተወጋ፣ የትኛው ቦታ እንደተበላሸ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድገሚ ከተባለች የምታነሱት ወረቀት ይሄ ነው።